ሦስተኛው ጥሪ

ዋንጌ ላይ ሰው ሦስት ጊዜ ካልተጠራ «አቤት» አይልም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ደጃፍ ቆሞ ሁለቴ ይጣራና፣ ከውስጥ ወሬና ሳቅ እየሰማ መልስ ሲያጣ፣ «እንዴት ያለ ኩሩ ሕዝብ ነው» እያለ በመጣበት ይመለሳል። ኩራት አይደለም። ከቀበሌው በታች ሐይቁ ዳር ደንገል የዋጠው ረግረግ አለ፤ የዋንጌ ሰው ደግሞ ረግረጉ ሰው ይጠራል ብሎ ያምናል። የሚጠራው ግን ሁለቴ ነው፤ ሦስተኛውን መጥራት የሚችል የሰው ልጅ ብቻ ነው። ለረግረጉ አቤት ያለ ሰው ምን እንደሚሆን የሚነግርህ የለም። ብትጠይቅም ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ በቆሎው ያዞሩብሃል።

መምህር ይበልጣል ይህን ልማድ ከእናቱ ጡት ጋር ስለጠባው አስቦበት አያውቅም። ትምህርት ቤት ለክረምት ከተዘጋ ወዲህ ማለዳ ማለዳ የሚሠራው አንድ ነገር ነው። ሲወርድ ያደረው ዝናብ ሲያባራ ቦት ጫማውን ያጠልቃል፣ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይወሽቃል፣ ከጓሮው ባሕር ዛፎች አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ረግረጉ ዳር የተጋደመ የሾላ ግንድ አለ። እዚያ ላይ ይቀመጥና የድምፅ መቅጃውን ከፍቶ፣ የበሰበሰ ቄጠማና የዝቃጭ ሽታ ያዘለው ጉም ፊቱን እያረጠበው፣ እንቁራሪቶቹ አንድ በአንድ ዝም እስኪሉና ከደንገሉ ውስጥ የወፎቹ ድምፅ፣ የዋኔው ልቅሶ፣ የይብራዎቹ ጫጫታ፣ የሳቢሳው ሻካራ ጩኸት ተራ በተራ እስኪነሣ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመልሶ ቁርሱን ይበላል።

ቅጂውን «የክረምት ወፎች» ወደሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ይልከዋል። ግሩፑ ውስጥ በየአገሩ ያሉ ወፍ ወዳዶች ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ከደብረ ብርሃን የጭልፊት ፎቶ ይልካል፣ አንዷ ከአርባ ምንጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየሁ ትላለች። የግሩፑ አባት ጋሽ ታፈረ ናቸው፤ ከሐይቅ ጀልባ ሥራ ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር የተቀመጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሽማግሌ። የይበልጣልን ቅጂ ሻይ እየጠጡ ይሰሙና የወፎቹን ስም አንድ በአንድ ጽፈው ይመልሱለታል። ይበልጣልም «አመሰግናለሁ ጋሼ» ይላል።

ወፎቹ የእሱ አልነበሩም። እሱ የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ከዶሮ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእሱ ወፍ ነበር። የወፎቹ ባለቤት ታናሽ እህቱ ጥሩወርቅ ናት። ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ ወንዱ የመስቀል ወፍ ግራጫውን ጥሎ ቢጫውን ሲለብስ ድምፁን ልቅረጽ ብላ የጎረቤታቸውን የአያ ምናለን ታንኳ ተዋሰች። ከሰዓት በኋላ ታንኳው ብቻውን ተመለሰ። ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደሚታሰርበት ችካል። የቀበሌው ወንድ ሁሉ ወጥቶ ረግረጉን በእንጨት ሲወጋ ሰነበተ፣ ጠላቂዎችም መጡ፤ ጫማዋ እንኳ አልተገኘም።

እናታቸው ወይዘሮ አንጓች እርሟን አላወጣችም። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። የነፍስ አባቷ «ፍትሐት ይደረግላት፣ አንቺም አልቅሰሽ ይውጣልሽ» ቢሏት «ያልቀበርኩትን አላለቅስም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያልወጣው ልቅሶ ደረቷ ውስጥ ተቀምጦ ሳል ሆነባት፤ አንድ ቃል በተናገረች ቁጥር ሳሉ መሐል እየገባ ይቆርጣታል፣ መድኃኒቱን ደግሞ ትራሷ ሥር ትደብቃለች። ይበልጣል እናቱ ዓይኑ እያየ እያለቀችበት ነበር። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእህቱ የቀረ ነገር፣ ነጠላም ይሁን አጥንትም ይሁን፣ አምጥቶ እናቱ ጭን ላይ ማኖር፣ አልቅሳ እንድትድን። ወፍ እቀርጻለሁ እያለ ግንዱ ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ቀን ጋሽ ታፈረ የወፎቹን ስም ከጻፉ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። «ከበስተኋላ ታንኳ የሚቀዝፈው ማነው?» ይበልጣል ቅጂውን ደግሞ ሰማው። እውነትም ከይብራዎቹ ጫጫታ በታች፣ መቅዘፊያ የታንኳ ጎን እየነካ ውሃ ሲገፋ ይሰማል፤ ደብ፣ ሸሸሸ፣ ደብ፣ ሸሸሸ። ነገር ግን በዚያ ማለዳ ውሃው ላይ ታንኳ አልነበረም። እምቦጩ ውሃውን ስለሸፈነው ከሰኔ ወዲህ አያ ምናለም ሌላውም ታንኳውን ሜዳ ላይ አውጥቶ ገልብጦታል። «ከሩቅ ይሆናል ጋሼ» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ወፎቹ ቶሎ ዝም አሉ። ጉሙ እንደ አጥሚት ወፍሮ ደንገሉን ከወገቡ በላይ ቆርጦታል፤ ከወትሮው የዝቃጭ ሽታ ሌላ የእርጥብ ላባ ሽታ አለበት፣ ዝናብ ላይ እንዳደረች ዶሮ ያለ። ይበልጣል መቅጃውን ሲከፍት ስልኩ እንደወትሮው ቲን አለ። ከደንገሉ ውስጥ ደግሞ፣ ከእሱ በማይርቅ ቦታ፣ አንድ ነገር ቲን ብሎ መለሰ። ሳለ፤ የገዛ ሳሉ ትንሽ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ጸጉሩ ቆመ፣ ግን አልተነሣም።

ጋሽ ታፈረ በደስታ ሊሞቱ ደረሱ። የሰማውን የሚደግም ወፍ እንዳለ ያውቃሉ፣ ሐይቁ አካባቢ ግን ሰምተው አያውቁም። ሌሎቹም ተንጫጩ፤ ያየኸው ምን ይመስላል፣ ቀለሙ ምንድነው፣ ፎቶ የለህም ወይ። አላየሁትም አለ። «እንግዲያው አስጠጋው» ብለው ጻፉለት ጋሽ ታፈረ። «ወፍ የራሱን ድምፅ ከሌላ ቦታ ሲሰማ ሌላ ወፍ ክልሉ የገባበት መስሎት ይመጣል። የቀረጽከውን መልሰህ አጫውትለት። እኛ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው።» ይበልጣል መምህር ነው፤ ዘዴው ገባው።

አጫወተለት። ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍቶ ስልኩን ወደ ደንገሉ ዘረጋና ሳሉም፣ ቲኑም፣ የመቅዘፊያው ድምፅም ጉሙ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ደንገሉ ያለ ነፋስ ከሩቅ ተነቃነቀ፣ ቀጥሎ ከቅርቡ፣ ቀጥሎ ውሃው ግንዱ ሥር መጥቶ ቦት ጫማውን ላሰውና አንድ ድምፅ «ይቤ» አለ።

የጥሩወርቅ፣ የጥሩ ድምፅ ነው። እህቱን የማያውቅ ወንድም የለም፤ ስሙን ስትጠራ መጨረሻ ላይ የምታስረዝመው፣ ጥያቄ የሚመስለው አጠራሯ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ይቤ» አለ ደግሞ። ይበልጣል ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። «ጥሩ፣ ጨምሪ» አለ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ጨምሪ፣ በእናታችን ሞት»። አቤት ለማለት ምላሱ ተዘጋጅታ ነበር፤ ያቆመችው የልጅነት ልማዱ ብቻ ናት። ፀሐይ ጉሙን እስክትበትነው ድረስ ጠበቀ። ሦስተኛው አልመጣም።

ሲመለስ አያ ምናለ ከተገለበጠው ታንኳቸው አጠገብ ማጭዳቸውን እየሳሉ አገኙት። ሱሪው እስከ ጭኑ ጭቃ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጠራህ?» አሉት።

ይበልጣል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ስንቴ?»

«ሁለቴ። ግን እሷ ናት አያ ምናለ። ድምፅዋን እኔ አጣዋለሁ?»

«አታጣውም። እኔም የወንድሜን አላጣሁትም ነበር።» ማጭዳቸውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «እሷ ብትሆን ኖሮ ሦስት ትሞላልህ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ይቤ። ቤትህ ግባ፣ እናትህን ጠብቅ።»

ምክሩን ቢሰማ ምናለበት። ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው ሲመክሩት የሚሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው፤ ይበልጣል የሰማው «እሷ ብትሆን ሦስት ትሞላልህ ነበር» የምትለዋን ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ፍለጋ ሄደ። በየማለዳው ወረደ፣ በየማለዳው አጫወተ፣ በየማለዳው ሁለቴ ተጠራ። ቀን ቀን ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ጓዳ ገብቶ ቅጂውን ይከፍታል። ጆሮ ማዳመጫው እርጥበት ገብቶት ተበላሽቶ ነበርና በስልኩ ድምፅ ማጉያ ነው የሚሰማው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ እንቅልፍ ወስዷታል ብሎ ሲያስብ።

የእህቱን ጥሪ ለግሩፑም ላከ። «የሰው ድምፅ ይሰማችኋል ወይስ የወፍ?» ብሎ ብቻ ጻፈ፤ የራሱን ጆሮ ማመን ስላቃተው። ስንቶቹ ከፍተው እንደሰሙት ከሥሩ ይታያል፣ መልስ የጻፈ ግን አልነበረም። ወደ ማታ ላይ ጋሽ ታፈረ ለብቻው ጻፉለት። «ይበልጣል፣ ‹ታፌ› ብላ የምትጠራኝ ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ይህን ማን ነገረህ? እንዲህ ያለ ቀልድ ደግ አይደለም።» ይበልጣል ቅጂውን ከፍቶ ሰማ። ይቤ፣ ይቤ ነው የሚለው። ይህንኑ ጻፈላቸው። በማግስቱ «መስኮቴ ሥር አንድ ወፍ አለ፣ አልታይ አለኝ» የሚል መልእክት ላኩ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። ስልካቸው ይጠራል፣ አያነሱም። ከደብረ ብርሃንም ከአርባ ምንጭም የሚላክ ነገር ቀረ።

ነሐሴ ሲገባ ረግረጉ ወደ ላይ የወጣ ያህል ሆነ። ውሃው አልሞላም፤ ድምፁ ነው የወጣው። ይበልጣል መጀመሪያ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሰማው፣ ቀጥሎ ከአጥሩ ጥግ፣ አንድ ቀን በቀትር ዝናብ ውስጥ ከጓሮው በር ጀርባ። መቅዘፊያ ደረቅ መሬት ላይ፤ ደብ፣ ሸሸሸ። የእርጥብ ላባው ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ብርድ ልብሱ ላይ አደረ። ያን ጊዜ ነው የጋሽ ታፈረ ምክር ትዝ ያለው። ድምፁን የሰማበት ቦታ ይመጣል። እሱ ደግሞ ቤቱ ውስጥ፣ ከእናቱ አልጋ በአንድ ግድግዳ ርቀት፣ ቀን በቀን ሲያጫውተው ከርሟል። ማንም ሳይጠራው ጠርቶ ያመጣው እሱ ነው።

ቅጂውን ሊያጠፋው ስልኩን ሲያነሣ እናቱ ከመኝታዋ ሆና «ይቤ» አለች። ሳለች። «ይቤ። ይቤ።»

«አቤት እማ።»

ሲገባ ትራሷን ተደግፋ ቀና ብላለች፤ ለወራት ቀና ብላ አታውቅም። ጉንጯ ቀልቷል። «ጥሩ መጥታለች» አለችው። «ከጓሮ በኩል ነው የጠራችኝ። ‹እማ› አለችኝ… ሁለቴ። ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነው።» ሳሉ አጎበጣት። «ስትጠራኝ አቤት ብዬ እወጣላታለሁ። በሩን እንዳትዘጋብኝ።»

«እማዬ፣ እሷ ጥሩወርቅ አይደለችም።»

«ልጄን እኔ አላውቃትም?»

ይበልጣል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን ይበላት? እናቱ ሦስተኛውን ጠብቃ ጠብቃ፣ ቆይታም ሳትሰማው ትቀርና ልቧ ይሰበራል፤ ወይም ትዕግሥቷ አልቆ በሁለተኛው ትወጣለች። ሁለቱም ሞት ነው። ወፍ መሆኑን ማሳየት አለብኝ ብሎ አሰበ፤ ዐይኗ እያየ ከስልክ ሲወጣ ከሰማችው፣ ተቀርጾ የመጣ የወፍ ድምፅ መሆኑ ይገባታል፣ ተስፋዋንም ትቆርጣለች። ከልቡ ነው ያሰበው። የተማረ ሰው ሐሳብ ነበር፣ እናትን የማዳን ሐሳብ ነበር፤ መቁጠሩን ብቻ ረሳው።

«ይኸውልሽ እማ» አለ፣ «እኔ የቀረጽኩት ወፍ ነው። ስሚው»። ነካው።

ስልኩ በጥሩወርቅ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ አንድ ጊዜ «እማ» አለ።

«አቤት» አለች ወይዘሮ አንጓች።

ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የነበረው ዝናብ ቀጥ አለ። ይበልጣል ስልኩን ወርውሮ እናቱን ሊይዝ ሲነሣ፣ እስከ በር መሄድ ያቅታት የነበረች ሴት በጎኑ አልፋ ወጥታለች። ጓሮው ጉም ነው፤ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን ማየት አልቻለም። «እማ! እማዬ!» እያለ በባሕር ዛፎቹ መሐል እየወደቀ ወረደ፣ ግንዱን በጉልበቱ መታው፣ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። ደንገሉ በሩቅ ተነቃነቀ፣ ከዚያ አቆመ። እያለቀሰ ጭቃውን በእጁ ዳሰሰ። ታንኳው ሜዳ ላይ እንደተገለበጠ ነው። ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም።

ከኋላው «ይቤ፣ ይቤ» ስትለው ዞረ። ከዳገቱ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ የቀሚሷ ጫፍ ርሷል። «አቤት እማ» አለ፣ ውሃውን ረግጦ ሮጠና አቀፋት። ቀዝቃዛ ናት፣ ግን አለች። «ወፍ ናት» አለችው ፈገግ ብላ፣ «እውነትህን ነው፣ ወፍ ናት»። ክንዷን ይዞ ወደ ቤት አወጣት። ዘለዓለም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ያለው ያን ቀን ነው።

ያን ምሽት ያቀረበላትን አጥሚት እስከ መጨረሻው ጠጣች። ፍትሐቱም ይደረግ አለች። «እርሜን አወጣለሁ። በቃኝ» አለች፣ ይበልጣልም እንደ ሕፃን ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ ለእህቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። እጇ ራሱን ዳበሰው። ሳሉ ለቋት ነበር፤ አንድም ጊዜ ሳትቆራረጥ ተናገረች። «ይቤ፣ ይቤ፣ ውሃ አቀብለኝ» ትለዋለች፣ «አቤት» ብሎ ያቀብላታል። «ይቤ፣ ይቤ፣ መብራቱን አጥፋው»፤ «አቤት» ብሎ ያጠፋዋል። ደስታው ሌላውን ሁሉ አስረሳው። ቤቱ ውስጥ የላባው ሽታ ነበር፣ ግን ልብሳቸው ስለረጠበ ነው አለ።

በነጋታው ማለዳ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ግንዱ ወረደ። ቅጂውን ከግሩፑም ከስልኩም ሊያጠፋው፣ ለሰዎቹም «አትስሙት» ብሎ ሊጽፍ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፤ ከደንገሉ አናት ላይ አንድ ወንድ የመስቀል ወፍ ቢጫውን ለብሶ ይወዛወዛል፣ ጥሩ ያን ቀን ፍለጋ የሄደችው ዓይነት። ግሩፑን ሲከፍት ጋሽ ታፈረ ተመልሰዋል። «እንደምን አደራችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይላል መልእክታቸው፤ ከሥሩም ያው ቃል ደግሞ ተልኳል። ኔትወርኩ ነው አለ ይበልጣል በልቡ፣ ደስ ብሎት።

ያን ጊዜ ከደንገሉ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ «ይቤ» የሚል ድምፅ መጣ። የእህቱ አልነበረም። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ የደከመ፣ መሐሉን ሳል የሚቆርጠው። ይበልጣል የማይሰማ መስሎ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። «ይቤ» አለ ድምፁ ደግሞ፣ ሳሉም ይዞ አንዘፈዘፈው፣ አልለቅ አለው። ሁለት ነው፣ ይበልጣል አለ ለራሱ፣ ሁለት ብቻ ነው፣ አሁን ያቆማል። ሳሉ ረገብ አለ። ትንፋሽ ተሳበ፣ ውሃ የገባበት ትንፋሽ። «ይቤ» አለ ድምፁ።

ወፉ ተነሥቶ በረረ። ይበልጣል አቤት ለማለት አፉን ከፈተ፤ ሳይለው ዓይኑ ወደ ጭቃው ወረደ። ጭቃው ላይ የትናንቱ የእናቱ እግር ዱካ ይታያል፤ ከዳገቱ ወርዶ ውሃው ውስጥ ይገባል እንጂ የሚመለስ የለም።

ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ዞረ። እናቱ የጓሮውን በር ከፍታ ቆማለች፣ የቀሚሷ ጫፍ ዛሬም እንደረጠበ ነው። «ይቤ» አለችው ሳል ባልነካው ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ይቤ»፤ ከዚያ፣ ከትናንት ጀምሮ በሁለተኛው አቤት ሲላት ነውና የቆየው፣ አፏን ገጥማ ፈገግ እንዳለች ጠበቀችው።